ስኳር ላለበት ሰው ስኳር ተሸክሞ መሄድ ዚያራ ነውን?



አልሐምዱሊላህ። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዒድ በመጣ ቁጥር ስለ ልብሱ፣ ስለ በጉ፣ ስለ ዘካተል ፊጥሩ ብዙ ይጻፋል፤ ኸይር ነው። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን ከዒድ ሰላት በኋላ አንጠልጥለን ቤት ለቤት ስለምንዞረው ፌስታል ነው። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ነገር ይታወቃል፦ ለስላሳ፣ ጁስ፣ ተምር፣ ሃልዋ፣ ሙሸበክ፣ ኬክ፣ ትንሽ የተሻለ አቅም ያለው ደግሞ ማር። የምንሄድባቸው ቤቶችም ይታወቃሉ፦ የትላልቅ አባቶቻችን፣ የእናቶቻችን፣ የታመሙ ጎረቤቶቻችን ቤት። ከእነዚህ ቤቶች ውስጥ ስንቱ ቤት የስኳር በሽተኛ እንዳለበት እናውቃለን። እያወቅን ያንኑ ፌስታል ይዘን እንገባለን።

ይህ ልማድ መቆም አለበት እንላለን። የሚቆጣን ሰው ካለም መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ያንብበንና ከዚያ ይቆጣ።

በራሳችን እንጀምር

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስጂዳችን ከመጀመሪያው ሰፍ የማይጠፉ አንድ አባት ነበሩን። ስኳር እንዳለባቸውና ኢንሱሊን እንደሚወጉ ጀመዓው በሙሉ ያውቃል። የዒደል ፊጥር ዕለት እኛ የመስጂዱ ሰዎች፣ ደረሶችም ኮሚቴዎችም፣ በየቡድናችን ሆነን ዘየርናቸው። ባዶ እጁን የሄደ አልነበረም። በየገባንበትም «ሐጂ፣ ዛሬማ ዒድ ነው፤ ከእጃችን ይቅመሱ» እያልን አጎረስናቸው። እሳቸውም ሰው ማሳዘን የማይወዱ ስለሆኑ ከሁሉም እጅ ቀመሱ።

በሦስተኛው ቀን ሱብሒ ላይ አጣናቸው። ቤታቸው ስንሄድ ሰውነታቸው ደክሞ፣ ውሃ ውሃ እያሉ፣ ንግግራቸውም ተሳስሮ አገኘናቸው። ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናቸው። የስኳር መለኪያው ማሽን ቁጥር መስጠት አልቻለም፤ ከሚችለው ልክ በላይ መሆኑን ብቻ ነበር ያሳየው። አልሐምዱሊላህ፣ ከብዙ ቀን ሕክምና በኋላ በሕይወት ተመለሱ። ሐኪሞቹ እንደነገሩን ነገሩ የሁለት ቀን ምግብ ብቻ አልነበረም። ስኳራቸው ከዚያ በፊት ጀምሮ ከፍ ብሎ ቆይቷል፤ ማንም ግን አላወቀም። ለምን አልታወቀም? ስላልተለካ። ለምን አልተለካም?

የዚህን መልስ የነገሩን ባለቤታቸው ናቸው። ልንጠይቃቸው በሄድንበት ቀን የቁም ሳጥኑን በር ከፈቱልን። ሰባት እሽግ ለስላሳ፣ አራት ጣሳ ማር፣ ዘጠኝ ፓኮ ተምር፣ ገና ያልተከፈተ ሃልዋ። ከዚያም በተረጋጋ ድምፅ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ አላህ ይስጣችሁ፤ አክብራችሁናል። ግን ይህን ሁሉ ስታመጡ የመለኪያው ስትሪፕ ካለቀ ወር እንዳለፈው አንድም ሰው አልጠየቀንም።»

ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። ያ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ገንዘብ ቢደመር የብዙ ጊዜ ስትሪፕ ይገዛ ነበር። እኛ ግን የሰጠነው እኛን ደስ የሚለንን እንጂ እሳቸው የሚያስፈልጋቸውን አልነበረም።

ሀድያ ለማን ነው?

ስጦታ መለዋወጥ ልብን እንደሚያቀራርብ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ታዲያ ሀድያ የሚሰጠው ለተቀባዩ ነው ወይስ ለሰጪው? ለተቀባዩ ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ላምጣ?» ሳይሆን «ለዚህ ሰው ምን ይጠቅመዋል?» መሆን ነበረበት። እኛ ግን የምንፈራው «ባዶ እጁን መጣ» መባልን ነው። ሱቅ ደጃፍ ላይ የተደረደረውን አንስተን እንሄዳለን። ይህ ለራሳችን ስም የከፈልነው ዋጋ እንጂ ለታመመው ወንድማችን ያሰብነው ነገር አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ግልጽ የሆነ ሱና እያለን መዘንጋታችን ያስገርማል። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲሥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዐሊይ (ረ.ዐ) ጋር ሆነው ኡሙል ሙንዚር ወደምትባል የአንሷር ሴት ቤት ገቡ። ዐሊይ ከሕመም ገና እያገገሙ ነበር። በቤቱ የተምር ዘለላ ተንጠልጥሏል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዘለላው መብላት ጀመሩ፤ ዐሊይም ሊበሉ ተነሱ። ነቢያችን ግን ገና ከሕመም እያገገሙ መሆናቸውን አስታውሰው ከለከሏቸው። ከዚያ ኡሙል ሙንዚር ገብስና ቅጠላ ቅጠል አብስላ ስታቀርብ፣ ከዚህ እንዲበሉና ይህ ለእሳቸው የተሻለ እንደሚስማማቸው ነገሯቸው።

ልብ በሉ! የተከለከለው ተምር ነው። ያ የተባረከ፣ በሱና የተወደደ ምግብ። የተከለከሉትም ዐሊይ ናቸው። የከለከሉትም የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው፤ ያውም እሳቸው ራሳቸው እየበሉ። ለጤነኛው የተፈቀደው ለበሽተኛው እንደማይስማማ፣ ከልክሎ ብቻ መተው ሳይሆን የሚስማማውን ማቅረብም ተገቢ እንደሆነ ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል? ኡሙል ሙንዚርም አልተቀየመችም፤ ሌላ ነገር አበሰለች። የዒድ ስጦታ ሥርዓት ከፈለግን ይኸው።

የሚቀርቡልን ሰበቦች

ይህን ስንናገር የሚመለስልንን መልስ በቃላችን እናውቀዋለን። አንድ በአንድ እንየው።

«ዒድ እኮ ነው፤ አንድ ቀን ምን ይጎዳል?» አንድ ቀን ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ዒድ በእኛ አገር ሦስት ቀን ይዘየራል፤ ከዚያም የሸዋል ጥሪ፣ ኒካሕ፣ ሰደቃ ይከተላል። አንተ «አንድ ብርጭቆ ብቻ» ስትል ከአንተ በፊት አምስት ሰው፣ ከአንተ በኋላም አምስት ሰው እንዲሁ ብሏል። ሒሳቡንም እንየው። የተለመደው ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ይህ ወደ ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ሻይህን በስምንት ማንኪያ ስኳር አድርገህ ለስኳር በሽተኛ ታቀርባለህን? አታቀርብም። በጠርሙስ ሲሆን ግን ስኳሩ ስለማይታይ ታቀርባለህ።

«ማር ሺፋ ነው፤ ቁርኣን መስክሮለታል።» አዎ፣ በሱረቱ ነሕል አንቀጽ 69 አላህ በማር ውስጥ ለሰዎች ፈውስ እንዳለ ነግሮናል፤ አምነናል። ነገር ግን ለሁሉም በሽታ፣ ለሁሉም ሰው፣ በማንኛውም መጠን ማለት ነው ያለው ማን ነው? ኢብኑ ከሢር በተፍሲራቸው ላይ ይህንኑ ነጥብ አንስተዋል። ቃሉ «ፈውስ» የተባለው ባልተወሰነ አገባብ መሆኑን፣ ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት ነው ማለት ቢሆን ኖሮ አገባቡ ሌላ ይሆን እንደነበር የሚናገሩ ዐሊሞችን ቃል አስፍረዋል። ማር ከክብደቱ ከመቶ ሰማንያ የሚሆነው ስኳር ነው። ተምርም ደርቆ ሲሸጥ አብዛኛው ክብደቱ ስኳር ነው። የአላህን አንቀጽ ከቦታው ውጭ ተጠቅሞ ሰውን መጉዳት አንቀጹን ማክበር አይደለም።

«ስጦታ መመለስ፣ ምግብ እምቢ ማለት ንቀት ነው።» ይህ ባህል እንጂ ሸሪዓ አይደለም። ሰዕብ ኢብኑ ጀሣማ የተባሉት ሰሓባ ያደኑትን የሜዳ አህያ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሀድያ አቀረቡ። ነቢያችን ኢሕራም ላይ ስለነበሩ መለሱላቸው። ነገር ግን በሰዕብ ፊት ላይ ያለውን ሐዘን ሲያዩ የመለሱበት ምክንያት ኢሕራም ላይ መሆናቸው ብቻ እንደሆነ አስረዷቸው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ተቀባይ ምክንያት ካለው ሀድያን በትሕትና መመለስ ይችላል። ሰጪ ደግሞ ምክንያቱን ሲሰማ ይቀበላል እንጂ «ናቀኝ» ብሎ አይዞርም። ምግብንም በተመለከተ ነቢያችን የማይወዱት ሲቀርብ ሳያነውሩ ይተዉት ነበር። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ አጠገባቸው ሆነው የበሉትን እንሽላሊት እሳቸው አልበሉም፤ ማንም «ይቅመሱ» ብሎ አላስጨነቃቸውም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ክፉ ልማድ አለ፤ እሱም መሐላ ነው። «ወላሂ ሳትቀምስ አትወጣም!» ወንድሜ፣ የማልከው በማን ነው? ከልብህ አስበህ ምለህ ያ ሰው ባይበላ፣ በብዙ ዑለሞች ዘንድ ከፋራው የሚወድቀው በአንተ ላይ ነው፤ ዐሥር ሚስኪን የማብላት ዕዳ። ቢበላ ደግሞ የአላህን ስም ጠርተህ ጉዳት አጉርሰኸዋል። ሁለቱም ኪሳራ ነው።

«ሁሉም በቀደር ነው፤ ቢስሚላህ ካልክ አይጎዳም።» በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ ነው። መድኃኒት መውሰድም ከቀደር ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል። አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡትን ታሪክ እናስታውስ። በጉዞ ላይ ጭንቅላቱ በድንጋይ የተፈነከተ አንድ ሰው ትጥበት ግዴታ ሆነበት። ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ብሎ ጓደኞቹን ጠየቀ። እነሱም ውሃ እያለ ፈቃድ የለህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ፤ ሰውየውን የገደሉት እነሱ እንደሆኑ ተናገሩ፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም አሉ። እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ዲን ያስከበሩ መስሏቸው ነበር። እኛም ሐጂን ያጎረስናቸው ክፉ ሆነን አልነበረም። ግን በጎ ኒያ ብቻውን ያለ ዕውቀት ሰውን ሊጎዳ ይችላል።

ሌላው ጥፋት፦ በሰው ፊት ማዋረድ

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ጫፍ ያሉትን እንናገር። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት መሶብ ላይ «አንተ! ስኳር አለብህ አይደል? እጅህን አንሳ!» የሚሉ አሉ። እነዚህም አልተሻሉም። የስኳር በሽተኛ ሕፃን አይደለም። ምን ያህል ኢንሱሊን እንደወሰደ፣ ምን ያህል መብላት እንደሚችል የሚያውቀው እሱና ሐኪሙ ናቸው። አንዲት ተምር አስቦና አስልቶ ሊበላ ይችላል። ለዒደል ፊጥር ሰላት ከመውጣት በፊት ተምርን በጎደሎ ቁጥር መብላት ሱና ነው፤ አንድም ጎደሎ ቁጥር ነው። ሱናውን ለማግኘት ሰባት መብላት ግድ አይደለም።

ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። ስኳር ለበሽተኛው መድኃኒት የሚሆንበት ሰዓት አለ። ኢንሱሊን ወግቶ ሰላትና ኹጥባ ረዝሞበት ምግብ የዘገየበት ሰው ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይቃዣል፣ ሰው የሰከረ ይመስለዋል። በማሽን ሲለካ ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። ያኔ ወዲያው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጁስ መስጠትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ራሱን የሳተ ከሆነ ግን በአፉ ምንም ሳይደረግ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰድ። ስለዚህ «ስኳር ሐራም ነው» እያልን አይደለም። ሰውየውን ጠይቁት፣ ስሙት፣ እመኑት እያልን ነው።

«ከሥሩ የሚነቅል» እያላችሁ ለምትሸጡ

በዒድ ሰሞን ሌላም ስጦታ ይዞራል፦ «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል» የተባለ ዱቄት፣ ቅጠል፣ ዘይት። ሻጮቹም «የነቢዩ ሕክምና» የሚል ጽሑፍ ይለጥፉበታል። ጥቁር አዝሙድ በረካ ያለበት ነገር ነው፤ አልተቃወምንም። የምንቃወመው «ይህን ጀምርና መርፌውን ተው» የሚለውን ቃል ነው። በተለይ በልጅነቱ የጀመረውና ሰውነቱ ኢንሱሊን ፈጽሞ የማያመርት ሕመምተኛ መርፌውን ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ስም ጠርቶ ሰውን ከመድኃኒቱ የሚነጥል ሰው፣ ላልተናገሩት ነገር እሳቸውን ምስክር እያደረገ ነው። አላህን ይፍራ። እንዲህ ያለውን ነገር ገዝታችሁ ለዘመድ በስጦታ አትውሰዱ።

ታዲያ ምን ይዘን እንሂድ?

ተቃውሞ ብቻ አይበቃም፤ ኡሙል ሙንዚር ገብሱን አብስላለች። እኛም ከዚያ ጥፋታችን በኋላ ጠይቀን፣ አይተን፣ የተሻለ ሆኖ ያገኘነውን እናካፍላችሁ።

1ኛ፦ ስትሪፕ። የስኳር መለኪያ ማሽን ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ስትሪፑ ግን ያልቃል፤ ያለ ስትሪፕ ማሽኑ ባዶ ዕቃ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ዓይነት ስትሪፕ አለው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከቤተሰቡ የድሮውን ባዶ ዕቃ ፎቶ አስልካችሁ ወደ ፋርማሲ ሂዱ። የሚያበቃበትን ቀንም እዩ።

2ኛ፦ ካልሲና ጫማ። ስኳር ሲቆይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። ጠጠር ይወጋዋል፣ ጫማ ይልጠዋል፣ ሰውየው አይሰማውም፤ ትንሿ ቁስል ሰፍታ እስከ መቆረጥ ታደርሳለች። ላስቲኩ የማያጠብቅ የጥጥ ካልሲ፣ ቁስል ቢኖር ደሙ እንዲታይ ነጣ ያለ ቀለም ያለው ጥሩ ነው። ጫማው ፊቱ የተሸፈነ፣ ሰፋ ያለና ለስላሳ ይሁን፤ የእግሩን ልክ ሳትጠይቁ አትግዙ። ለመስጂድ ሰዎችም አንድ ቃል፦ እነዚህ አባቶቻችን ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ በባዶ እግራቸው እስከ ውዱእ ቦታ እንዲሄዱ አናድርግ። የሞቀ ውሃ ስናቀርብላቸውም መጀመሪያ በእኛ እጅ እንለካው። ከውዱእ በኋላ በጣቶቻቸው መካከል የሚያደርቁበት ንጹሕ ፎጣ መስጠትም ትንሽ የሚመስል ትልቅ ሀድያ ነው።

3ኛ፦ የጤና መድን ክፍያ። በየቀበሌው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የዓመት መዋጮውን መክፈል ያቃታቸው ቤተሰቦች አሉ። ሦስት አራት ሆናችሁ የአንድን ቤት የዓመት መዋጮ ብትከፍሉ፣ ለዒድ የሰጣችሁት ስጦታ እስከሚቀጥለው ዒድ ያገለግላል።

4ኛ፦ ጊዜያችሁ። ብዙ ትላልቅ ሰዎች ክትትላቸውን የሚያቋርጡት የሚያደርሳቸው፣ ተራ የሚጠብቅላቸው ሰው ስለሌለ ነው። «የሚቀጥለው ቀጠሮዎ መቼ ነው? እኔ እወስድዎታለሁ» ማለት ከየትኛውም ካርቶን ይበልጣል። ቃል ከገባችሁ ግን አማና ነው፤ ቅሩ ማለት አይቻልም።

5ኛ፦ ኢንሱሊኑን የሚያቆይ ነገር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሆነ ይበላሻል። ፍሪጅ የሌለው ጎረቤት ካላችሁ «መድኃኒትህን የእኛ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ፤ በፈለግህ ሰዓት በራችንን አንኳኳ» በሉት። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

6ኛ፦ የግድ ምግብ ከሆነ። ለውዝ፣ ዕንቁላል፣ አቮካዶ፣ ጎመንና ሌላ አትክልት መውሰድ ይቻላል። ለዒደል አድሓም ድርሻውን ስትልኩ ጮማውን ሳይሆን ቀዩን ሥጋ ላኩ፤ ኩላሊቱን የሚያመው ከሆነ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ነጭ ዳቦ፣ ሩዝና ማካሮኒ ሲበዛ እንደ ስኳር እንደሚሆኑ አትርሱ። «ስኳር የሌለው» ተብሎ የሚሸጥ ብስኩትም ዱቄቱ አለና ማሸጊያውን አይታችሁ አትታለሉ። እንግዳ ስትቀበሉ ደግሞ ሻዩን በፔርሙሱ ውስጥ አጣፍጣችሁ አትጠብቁ፤ በሲኒው ሥር ስኳር አስቀድማችሁ አትጨምሩ። ስኳሩን ለብቻው አቅርቡ፤ የፈለገ ይጨምር። ያኔ ማንም ሰው «እኔ በሽተኛ ነኝ» ብሎ በእንግዳ ፊት መናገር አይጠበቅበትም።

7ኛ፦ ከበሽታው ጋር የማይገናኝ ስጦታ። እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ተቃውሞ አለ፤ እንቀበለዋለን። አንዲት እህታችን «በዒድ ቀን ስትሪፕ ሲሰጠኝ ሰው በእኔ ውስጥ የሚያየው በሽታዬን ብቻ መሰለኝ» ብላናለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ የሕክምና ነገርን በአደባባይ አትስጡ፤ ከዒዱ አንድ ቀን ቀድማችሁ ወይም ለቤተሰቡ በእጅ አድርሱ። በዒዱ ቀን ደግሞ ለማንኛውም የምታከብሩት ሰው የምትሰጡትን ስጡ፦ ሽቶ፣ ጀለቢያ፣ ኮፍያ፣ ሻሽ፣ መስገጃ፣ ኪታብ። ማን የትኛውን እንደሚመርጥ ካላወቃችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ ልጆቻችን

ስኳር የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም። በየሠፈራችን መርፌ እየተወጉ የሚማሩ ልጆች አሉ። በዒድ ቀን ለልጆች ሁሉ ከረሜላ አከፋፍለን ያንን ልጅ «አንተ ቆይ» ስንለው በልቡ ምን እንደሚቀር አስቡት። መፍትሔው ለእሱ ብቻ ሌላ ነገር መፈለግ አይደለም፤ ያም ይለየዋል። ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ነገር እንስጥ፦ አዲስ ብር፣ ኳስ፣ ደብተር፣ የቀለም እርሳስ። ከረሜላው ቢቀር የሌሎቹም ጥርስ ይተርፋል።

ለመስጂድ ኮሚቴዎች

በስተመጨረሻ ንግግራችን ወደ ራሳችን ይመለሳል። በየዒዱ ለአረጋውያን የስጦታ ከረጢት የምናዘጋጅ እኛ ነን። ከረጢቱን ስናሽግ «ለሁሉም አንድ ዓይነት» ብለን ዘይት፣ ስኳር፣ ተምር፣ ለስላሳ እንጨምራለን። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕሙማን ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 537 ሚሊዮን አዋቂዎች ከስኳር ጋር ይኖሩ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ከሌላ ሠፈር ብቻ አይደለም፤ በእኛም ሰፍ ውስጥ አለ። ስም ዝርዝር ስንይዝ «ምን ያስፈልግዎታል?» የሚል አንድ ጥያቄ ብንጨምርበት ምን ይከብደናል? ያ ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ ሐጂ ያንን ወር ሳይለኩ አያሳልፉም ነበር።

ከዚያ ዒድ በኋላ የመጣው ዒድ ላይ ወደ እሳቸው ቤት የገባነው ፌስታል ሳንይዝ ነው። አንዱ ቡድን ስትሪፑን በዋዜማው ለባለቤታቸው አድርሷል። ሌላው ለቀጠሮ የሚወስዳቸውን ሰው መድቧል። እኛ ቁጭ ብለን ስኳር የሌለው ቡና ጠጣን፤ እሳቸው ያለፈውን ዘመን የሐጅ ጉዞ አጫወቱን፤ ዱዓ አደረጉልን። ስንወጣ በር ድረስ ሸኝተውን «ዘንድሮ አረፍኩ» አሉን። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባን። ያለፈው ዓመት ዒድ ለእሳቸው ሥራ ነበር፤ ሁሉንም ላለማሳዘን የሚበላ ሥራ።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፤ ይህ ዒድ ከመድረሱ በፊት የምትዘይሩትን አንድ የስኳር ሕመምተኛ አስቡ። ዛሬውኑ ደውሉለትና ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ስትሪፕ አለህ? ቀጠሮህ መቼ ነው? ምን ባመጣልህ ደስ ይልሃል? መልሱን ሰምታችሁ ከዚያ ወደ ገበያ ውጡ። ስኳር ያለባችሁ ወገኖቻችንም እባካችሁ አትፈሩን፤ «ይህ አይስማማኝም» በሉን። እኛን ላለማሳዘን ብላችሁ ራሳችሁን አትጉዱ። ሰውነታችሁ በእናንተ ላይ ሐቅ አለው።

ያ አላህ፣ ሕመምተኞቻችንን አሽርልን፤ እኛንም ሳናውቅ ጎጂ ከመሆን ጠብቀን፤ ሀድያችንን ለሚቀበለው እፎይታ፣ ለእኛም አጅር አድርግልን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም። ለምትዘይሩት ቤት ቤተሰብ እንዲደርስ ሼር አድርጉት።